እንግሊዝኛን ከነሥነ ጽሑፉ፦ ከአምባሰል የሚነሣ የትምህርት ታሪክ

ሐኪም ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት ታሪክ ልጻፍ ስትል «ምን አገባት?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባኝ በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ የተወለድኩት ውጫሌ ነው፤ የአንድ ግሥ ትርጉም ጦርነት ያስከተለበት አገር። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ የሚመጡ ኢንተርኖች የሚጽፉትን የበሽተኛ ታሪክ ስለማነብ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። የመድኃኒት መጠን አይስቱም፣ የላቦራቶሪ ቁጥር አይረሱም። ግን የሰውየውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ሲያሰፍሩት ሰውየው ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል። የትኛው ሕመም እንደቀደመ፣ የትኛው እንደተከተለ፣ በሽተኛው ያየው ምን እንደሆነና ጎረቤት የነገረው ምን እንደሆነ ሳይለይ አንድ ላይ ይፈስሳል። ሰዋስዋቸውን ብታርሙትም ነገሩ አይድንም። ታሪክ አንብቦ ያላደገ ሰው ታሪክ መጻፍ ያቅተዋል።

እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ የተማሩት ለ12 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ያነበበ ስንት እንደሆነ በየቡድኑ እጠይቃለሁ። እጅ የሚያወጣው አንድ ወይ ሁለት ነው፤ አንዳንዴም ማንም የለም። እንግዲህ በሁለተኛ ደረጃ የላይኛ ክፍሎች ቋንቋውና ሥነ ጽሑፉ አብረው ይሰጡ ወይስ ለየብቻ የሚለው ጥያቄ፣ ለቋንቋ ምሁራን ብቻ የሚተው አይመስለኝም።

ከውጫሌ ልጀምር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ፣ አፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ 20 አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ። ውሉ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ ተጻፈ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ «ይቻላቸዋል» ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ፣ ከፈለጉ፣ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ማለት ነው። የኢጣሊያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል ወደሚል ግዴታ የሚያመራ ነበር፤ ሮማም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን በውል የተረዱት ለአውሮፓ ነገሥታት የላኩት ደብዳቤ መልስ ሲመጣ ነው። ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ መላላኩ በኢጣሊያ በኩል መሆኑን የሚያሳስብ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እቴጌ ጣይቱ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ተከራከሩ፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉ ፈረሰ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። ስሕተት ነበር ወይስ ሆን ተብሎ የተሠራ ተንኮል የሚለውን ታሪክ ጸሐፊዎች ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ የአገሩ ልጆች ይህንን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተማርን። ደወል ሲደወል የታሪክ መምህሩ ወጡ፣ የእንግሊዝኛው ገቡ፤ «ሜይ»ን ከ«መስት»፣ «ሸል»ን ከ«ካን» የሚለየውን ሰንጠረዥ በሰሌዳው ላይ ጻፉልን። ምሳሌዎቹ ስለ ጆንና ስለ ዝናብ ነበሩ። «ይቻላቸዋል» እዚያው ደጃችን ተቀምጦ ማንም አልጠራውም።

ይህ መነጣጠል ያገራችን ጠባይ አልነበረም። ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲወረድ ሐይቅ አለ። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ጉባኤ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ዋድላ አለ፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር። በቅኔ ቤት የግዕዝ ሰዋስው ለብቻው፣ ግጥሙ ለብቻው የሚባል ነገር የለም። ተማሪው ግሡን ያወርዳል፣ አገባቡን ይቀጽላል፣ በማግሥቱም ያወረደውን ግሥ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል። መምህሩ ፊት ቀርቦ ሲናገር የሰዋስው ግድፈትና የምሥጢር ግድፈት በአንድ ቁጭታ ይታረማሉ። ከባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ በኩል ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ቋንቋው በግጥሙ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ግጥሙም ቋንቋው እስኪበቃ አይጠብቅም። የመጀመሪያ ቀን ተማሪ ሳይቀር ሁለት ስንኝ ይሞክራል፤ ይሳሳታል፣ ይሣቅበታል፣ ያድራል፣ ነገም ይመጣል።

የእስልምናውም ወገን ከዚህ አይለይም። ወሎ በየመሻኢኹ መንደር፣ በጀማ ንጉሥ ይሁን በየጁው ዳና፣ ደረሳው ነህው ሲቀራ የዐረብኛ ሰዋስውን ከግጥም ጋር ነው የሚይዘው። ሰዋስው ራሱ በግጥም የተዘጋጀበት ኪታብ አለና። የቀራውን ደግሞ ወደ መንዙማ ይመልሰዋል፤ እንደ ሼኽ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉት ታላላቆች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ መንዙማ እስከ መድረስ ደርሰዋል። የወሎ ልጅ እንግዲህ ከሁለቱም ወገን ቋንቋን ከነሥነ ጽሑፉ ሲማር የኖረ ሰው ልጅ ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ በወረዳችን ስም አምባሰል ተብሎ መጠራቱን ስጨምርበት፣ ትንሽ ኩራት ተሰማት ብትሉኝ አልቀየምም።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን ተጀምሮ ከአውሮፓ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛው የበላይነት ያዘ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ከዚያ ብዙ አልራቀም። እንግሊዝኛ ሁሉን ጠቅልሎ የያዘው ከ1933 ዓ.ም. በኋላ፣ ኢጣሊያ ወጥታ እንግሊዞች ሲገቡ ነው። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ዓ.ም. የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከፈቱ። የዊንጌት ተማሪ የሚፈተነው የሎንዶንን ፈተና ነበር። በዚያ ፈተና የእንግሊዝኛ ቋንቋና የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። ሁለት ወረቀት ይሁኑ እንጂ መምህሩ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ጠዋት ያነበቡትን ቴአትር ከሰዓት በድርሰት ያስመልሳቸዋል። እንግዲህ ሥነ ጽሑፉ በፈተና ውስጥ ስላለ ክፍል ውስጥም ነበረ። የፈተና ነገር እንዲህ ነው፤ ያልተፈተነ አይማርም።

በኛ በኩል ደሴ ላይ የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት አለ። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ጃንጥራር አስፋው፣ ያምባሰል ገዥ ነበሩ፤ ጃንጥራር የሚለው ማዕረግ ያምባሰል ብቻ ነው። ስለዚህ የደሴው ትምህርት ቤት ስም በጋብቻ ወደ አምባሰል ይደርሳል እያልን በልጅነታችን እንፎክር ነበር። ከአምባሰል፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ፣ ከቦረና ሳይንት በእግሩ የመጣ ልጅ እዚያ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እያስመጣ ተምሯል።

የዚያ ዘመን የእንግሊዝኛ መምህራን ዝርዝር ራሱ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። እንግሊዞች ነበሩ። ሕንዶች ነበሩ፣ ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ፤ ሰዋስውን እንደ ሒሳብ አጥብቀው የሚያስተምሩ፤ ያባቶቻችን እንግሊዝኛ ውስጥ እስካሁን ድምፃቸው ይሰማል። ከ1955 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓዶች መጡ፤ የመጀመሪያው ቡድን ብቻ ከ270 በላይ ነበር፣ ባብዛኛውም ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ነው የተመደበው። እነዚህ ወጣቶች መጽሐፍ በሻንጣ ይዘው የሚመጡ፣ ሲሄዱም ትተው የሚሄዱ ነበሩ። ከዚያ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረና የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየጠቅላይ ግዛቱ እየወጡ ለአንድ ዓመት አስተማሩ። የነዚህ ሰዎች ተማሪዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የደፈኑ ናቸው። ከእነርሱ አንዱን ሳክም፣ ከጉልበት ሕመሙ ይልቅ ስለ «ጁሊየስ ሲዘር» ብዙ ይነግረኛል። ማንበብ እንጂ ፈተና ማለፍ ብቻ አልነበረም ትምህርቱ ይላል። እኔ ደግሞ በልቤ፣ እናንተ እኮ ጥቂት ነበራችሁ እላለሁ። ያ ትምህርት መልካም የሆነው በመምህራኑ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ልጅ ብቻ በሚደርስበት ዘመን ስለተሰጠም ነው። የትናንቱን ስናመሰግን የውጭውን ልጅ መርሳት የለብንም፤ የ1966ቱን የወሎ ረኃብ ያየ ሁሉ ማን ትምህርት ቤት፣ ማን መንገድ ላይ እንደነበረ ያውቃል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ በአባ ሉሲየን ማት መሪነት ተከፈተ። ከዚያ የወጣው ትውልድ ምን አደረገ ቢባል፣ አንድ የሚያስገርም ክፍፍል ይታያል። በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን የሚቀርበው የቁጣ ግጥም በአማርኛ ነው። የፖለቲካ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ። ወሎዬው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው፣ እስከ ዛሬ የምንጨቃጨቅበት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው የወጣው። ስሜት በአማርኛ፣ ሐሳብ በእንግሊዝኛ፤ ይሄ ጥሩ ነው ብዬ አላምንም። ግን ልጆቹ በእንግሊዝኛ ተከራክረው የሚያሸንፉ መሆናቸውን ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ከሰንጠረዥ የሚገኝ ችሎታ አይደለም።

በተቃራኒው መንገድ የሄዱም አሉ። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ኦክስፎርድ የተማሩ ናቸው፤ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መለሱ፣ በ1930ዎቹ ማብቂያም ታተመ። ከበደ ሚካኤል «ሮሚዮና ጁልየት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ን፣ «ማክቤዝ»ንና «ሐምሌት»ን አምጥተውልናል። ሲራክ «ራሴላስ»ን ለምን እንደመረጡ ማንም ሊገምት ይችላል፤ የመጽሐፉ ጀግና የአቢሲኒያ ልዑል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጽሑፉ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ግሸን ማርያም ያለችበት አምባ በአምባሰል ወረዳ ነው። መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ እየተጓዘ ይነግሣል፤ እኛ ልጆችም ተሳላሚው ሲያልፍ ውሃ እናቀርብ ነበር። ይኸው አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር። ንግሥና ለመጋፋት እንዳይነሡ ወንዶቹ ልዑላን አምባው ላይ ይቀመጣሉ፤ ንጉሥ ሲሞት ከመሀላቸው የተመረጠው ይወርዳል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አህመድ ጦር እስኪይዘው ድረስ ይህ ሥርዓት ቀጠለ። በ1520 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ አምባ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1540 ታተመ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው ጨመሩበት። በእንግሊዙ በሳሙኤል ፐርቻስ መጽሐፍ በ1613 ሲደርስ አምባው ቤተ መንግሥትና የአትክልት ቦታ ያለው፣ ገነት የሚመስል ተራራ ሆኖ ነበር። ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው «የጠፋው ገነት» ይህን ተራራ «አማራ» ብሎ ጠራው፣ አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ይመስላቸዋል ብሎም ከኤደን ጋር አነጻጸረው። ኮልሪጅ ስለ ኩብላይ ካን የጻፈው ግጥም ውስጥ አቢሲኒያዊት ልጅ ስለ አንድ ተራራ ትዘፍናለች፤ በእጅ ጽሑፉ ላይ የዚያ ተራራ ስም «አማራ» ሆኖ ይገኛል።

ጆንሰን በበኩሉ በ1735 የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። በ1759 እናቱ ሞተችና ለቀብር ወጪዋ ብሎ በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ»ን ጻፈ። ስሙን ያገኘው የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም ነው ይባላል። ልዑሉ በአማራ ሸለቆ ውስጥ፣ ሁሉ በተሟላበት ቦታ ተዘግቶ ይኖራል፤ ሁሉ ተሟልቶለት ይሰለቸዋል፤ ከእኅቱና ከባለቅኔው ከኢምላክ ጋር ሰርስረው ይወጣሉ። ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ አላየም። ደስታ የተሟላበት እስር ቤት የሚለው ሐሳብ ግን ከግሸን የወጣ ነው፤ ልዑላኑ ላይ የሆነውን እርሱ ሌላ ነገር አደረገው።

እንግዲህ አስቡት። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከታላላቆቹ ስሞች ሦስቱ የጻፉበት ተራራ በወረዳው ውስጥ ያለ ልጅ፣ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ይህንን ሳይሰማ ይወጣል። እኔም ሰምቼ አልወጣሁም። ያወቅሁት ሐኪም ከሆንኩ በኋላ፣ ለሌላ ጉዳይ መጽሐፍ ስፈልግ ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል መምህር ሚልተን ስለ ተራራው የተናገረውን አምስት ስድስት መስመር ቢያነብና «ሂዳችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ የቱ ጋ ዋሸ? የቱ ጋ ልክ ነው?» ቢል ምን ይሆን? ደጋው ብርድ ነው፣ ሰብሉ ገብስ ነው፣ መውጫው ገደል ነው። ልጁ ለማነጻጸር የማነጻጸሪያ ሰዋስው ያስፈልገዋል፤ ለመካድ የመካጃ፤ ለመጠራጠር «ሜይ»ና «ማይት»። ያኔ ሰንጠረዡ ሥራ ያገኛል። ጆንሰን ሙሉውን ለ11ኛ ክፍል ይከብዳል፣ ይሄን አልክድም፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ ቃሉ ያረጀ ነው። ሁለት ገጽ ከሲራክ አማርኛ ጋር ጎን ለጎን ግን አይከብድም። በ«ራሴላስ» ውስጥ ዝናቡንና ፀሐዩን እኔ ነኝ የማዘው ብሎ የሚያምን አንድ የከዋክብት ተመራማሪ አለ፤ ለሳይካትሪ ተማሪዎቻችንም ከማንኛውም ትርጓሜ የተሻለ የዚያ ዓይነት እምነት ሥዕል ነው።

እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሲባል የግድ የእንግሊዝ መሆን የለበትም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «አፈርሳታ»ን፣ ዳኛቸው ወርቁ በ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ ጽፈው በታወቀው የሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ውስጥ ከቺኑዋ አቼቤ ጋር ተደርድረዋል። «አፈርሳታ» ቤት ያቃጠለውን ለማግኘት መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያደርገውን ምርመራ ይተርካል። የዳኛቸው መጽሐፍ ደግሞ የታመመ ፊታውራሪ ለመዳን ወደ ዝቋላ የሚጓዝበት ነው፤ ልጁ አብሮት ይሄዳል፣ ሴት ልጁም። ለሐኪም ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ንባብ አላውቅም፤ በሽተኛው ወደኛ ከመድረሱ በፊት የት የት እንደዞረ፣ ቤተሰቡ ምን እንደከፈለ፣ ተስፋው የት ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳያል። እነዚህ መጻሕፍት ላንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ የቃሉን ክብደት እንጂ የአገሩን ባይተዋርነት አይጭኑበትም። በረዶና ጭስ ማውጫ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ክፍለ ጊዜ አያልቅም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አጭርና የሚያሳዝን ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ የላይኛ ክፍል ተማሪዎችንና መምህራኖቻቸውን ይዞ ወጣ። የሰላም ጓዶች ወጡ፣ ሕንዶቹም ቀስ በቀስ አለቁ። ትምህርቱ ሰፋ፤ ይሄ የሚመሰገን ነው፣ የኔ ትውልድ የገጠር ልጆች የተማርነው ስለሰፋ ነው። ሲሰፋ ግን መጽሐፍ ለተማሪ መድረስ አቃተው። በኔ ዘመን የነበረው ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ምርጫ ነበር፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጽፉ ከፍተኛውን ነጥብ ማምጣት ይቻላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛን መሰናዶ አደረጋቸው፣ የፈተናው መልክ ግን ያው ቀጠለ። የመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ ግጥምም አጭር ልብ ወለድም አልፎ አልፎ አለ። ያ ገጽ ሲደርስ «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» ተብሎ ይዘለላል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ናቸው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ ነበሩ። ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ውጫሌና ሐይቅ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ያረፈባቸው ናቸው፤ ወንበሩ ማገዶ የሆነበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ የተበተነበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለ ቋንቋ ዘዴ መከራከር ቅንጦት ይመስለዋል። ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። አንቀጽ አንብቦ ዋናውን ሐሳብ ማውጣት የማይችል ልጅ በእንግሊዝኛ ብቻ አይወድቅም፤ በሁሉም ይወድቃል።

«ጊዜ የለም፣ ልጆቹ ሰዋስዉን እንኳ አልያዙም፣ ሥነ ጽሑፍ ለማን?» የሚሉ መምህራን አሉ፤ ከነሱ አንዷ የቅርብ ጓደኛዬ ናት፣ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍል ታስተምራለች። አከብራታለሁ። መልሴ የቅኔ ቤቱ ነው፤ ሰዋስው እስኪያልቅ ቢጠበቅ ኖሮ ዋድላ ላይ አንድም ባለቅኔ ባልወጣ። ግሡ የሚጠናው ቅኔው ስለሚፈልገው ነው።

ጎንደር ስንማር ይህንን ሳናውቀው እናየው ነበር። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር። በ1970ዎቹ መባቻ የሕክምና ትምህርቱ ከላይፕዚጉ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጀመር፣ ጀርመኖቹ መምህራን ያፍ መፍቻቸው ባልሆነ ቋንቋ ያፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች አስተማሩ። ከግቢው ወጣ ብሎ ግን ጎንደር የትርጓሜ ቤት አገር ነው። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» ይላሉ፣ ይተረጉማሉ፤ ደግመው «አንድም» ይላሉ። አንዱን ፍቺ ሲያመጡ ሌላውን አይጥሉም፤ ለእያንዳንዱም ማስረጃ ይጠቅሳሉ። እኛ ሆድ ቁርጠት ያለባት ሴት ስትመጣ የምንሠራው ይኸው ነው። አንድም ትርፍ አንጀት፤ አንድም የማሕፀን ቱቦ እርግዝና፤ አንድም የሽንት ቱቦ ጠጠር። ለእያንዳንዱ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ከታሪኩ ውስጥ እንለቅማለን። ግጥም ላይ «ይሄ ቃል ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ተብሎ ተጠይቆ የሚያውቅ ልጅ፣ የመጀመሪያው ምርመራ ላይ አይደርቅም። ያልተጠየቀው አንዱን ትክክለኛ መልስ ከአራቱ መሀል ይፈልጋል። በሽተኛ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ይዞ አይመጣም።

ይዞ የሚመጣው ቃል ነው። «ልቤን» ሲሉን ብዙ ጊዜ ደረት ሳይሆን ጨጓራ ነው። «ውጋት» አለ፣ «ቁርጠት» አለ፣ «ምች» አለ፣ «መጋኛ» አለ። ኢንተርኑ ይህንን ሰምቶ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ መተርጎሙ ነው፤ ውጫሌ ላይ የተደረገውን ሥራ በየሌሊቱ ይሠራል። «ልቤን አመመኝ»ን ቃል በቃል የልብ ሕመም አድርጎ ሲጽፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ የልብ ምርመራ ሲታዘዝ አይቻለሁ፤ የሴትየዋ ጨጓራ እየደማ። ማንም ሰነፍ አልነበረም። ቃልን ከሁኔታው አውጥቶ ማንበብ ብቻ ነው።

ባለፉት ሦስት ዓመታት ከኢንተርኖቹ ጋር በሳምንት አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ዙር በፊት ግማሽ ሰዓት፣ አንዲት አጭር ታሪክ እናነባለን። በቼኾቭ ጀመርን፣ ሐኪም ስለነበረ። ሁለተኛው ዓመት የዳኛቸውን ጥቂት ገጾች ጨመርን። መጀመሪያ ላይ «ዶክተር፣ ይሄ ውጤት አለው?» ይሉኝ ነበር። አሁን ከመካከላቸው ሁለቱ የበሽተኛ ታሪክ ሲጽፉ «ጎረቤቷ እንደነገረቻት» ብለው መለየት ጀምረዋል። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ምርመራውን የሚቀይር ትንሽ ነገር ነው። ይህን ሥራ እኔ በሃያ አራት ዓመታቸው ከምጀምረው፣ የእንግሊዝኛ መምህራቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ቢጀምርላቸው ይሻል ነበር።

ከማኅበራችን አባላት መሀል በሁለተኛ ደረጃ የምታስተምሩ፣ ፈተና በማዘጋጀት ሥራም ላይ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ከአንድ አጭር ታሪክ የወጣ ምንባብና ተማሪው በራሱ ቃል የሚጽፈው አንድ አንቀጽ ይግባ። ማረሙ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለብዙ መቶ ሺህ ልጅ አንቀጽ ማረም ቀልድ አይደለም። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ያቺ ግማሽ ገጽ ፈተና ላይ መጣች ከተባለ የሚዘለለው የመጽሐፉ ገጽ አይዘለልም።

የቀራችሁትን ደግሞ መጽሐፍ ነው የምለምናችሁ። የሲራክ ኅሩይ «ራሴላስ» በእጃችሁ ወይም በወላጆቻችሁ ሣጥን ውስጥ ካለ አውሱኝ። ከጆንሰን የመጀመሪያ ምዕራፎችና ሚልተን ስለ ተራራው ከጻፈው ጋር አስተካክዬ፣ አምባሰል ውስጥ ለሚያስተምሩ ሁለት መምህራን ልሰጣቸው ቃል ገብቻለሁ። ከመስከረም 21 በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ በዚያን ሰሞን ወደ ግሸን የሚወጣውን ሰው ሁሉ ያያሉ። መጽሐፉን ሳልቀድ፣ ሳላጥፍ እመልሳለሁ።